ሁለተኛው የለም

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። አስተርጓሚው የሚሳፈርበት አውሮፕላን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሰነድ የሚያረጋግጠው ቢሮ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጋዜጠኛዋ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠች ሁለቱን ሰዓቶች ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችና ከሁለተኛው ሥር አሰመረች። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሰውየው ቢምል ቢገዘት፣ እግሯ ሥር ቢወድቅ እንኳ የሚፈይድላት ነገር የለም።

መኪናውን የሚነዳው ባልደረባዋ ፎቶ አንሺው ነው። ቆይማ ይሉታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ካሜራ ደቅኖ «ቆይማ፣ ቆይማ» ሲል ስለኖረ፣ ትክክለኛ ስሙን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም።

«አለቃ፣ ባይኖርስ?» አላት መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ።

«አለ። ሻንጣ የሚያስር ሰው የት ይሄዳል?»

«እሺ፣ ኖሮ እምቢ ቢልስ?»

ጋዜጠኛዋ ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከአገራቸው ለሥራ ወደ ሌላ አገር የሄዱ ስልሳ ሦስት ሰዎች ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ተዘግቶባቸው ይሠሩ ነበር። የቀጠራቸው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ያንን ግቢ በዓይኔም አይቼው አላውቅ እያለ በየጋዜጣው ይምላል። ጋዜጠኛዋና ቆይማ ወደዚያ አገር ሄዱ። አንድ ወር ጠብቃ፣ ጠይቃ፣ መዝግባ፣ ሰውየው በየማክሰኞው ጠዋት በኋላ በር እንደሚገባ ደረሰችበት። የቀራት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለቆይማ የአሥራ ሰባት ሰከንድ የድምፅ መልእክት ላከችለት።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በኋላ በር ነው የሚመጣው። ከመኪናው ሲወርድ አንሳው። አንዴ ነው የምታገኘው፣ እንዳያመልጥህ። ካነሳኸው በኋላ እዚያ አትቁም፣ ቶሎ ውጣ።»

ይህን የሰማ የቋንቋዋ ልጅ ሁሉ ካሜራ ይታየዋል። የዚያ አገር ፖሊስ ግን የሥራ አስኪያጁን አቤቱታ ተቀብሎ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ከሆቴሏ ወሰዳት፤ ስልኳንም በረበረ። አስተርጓሚው «አንሳው» የሚለውን በዚያ አገር ቋንቋ «ጠልፈህ ውሰደው» በሚል ቃል ገለበጠው። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም መጨመር አላስፈለገውም፤ የቀረው መልእክት በራሱ ጊዜ ወንጀል ሆነ። ቆይማን ያተረፈው ማርፈዱ ነው። ኋላ በሩ ጋ ሲደርስ ፖሊሶቹ ቀድመውት ቆመው ነበር፤ ካሜራውን ጃኬቱ ውስጥ ወሽቆ እንደ ማንኛውም መንገደኛ አልፏቸው ሄደ። በማርፈዱ ስንት ዓመት ስትጨቀጭቀው የኖረችው አለቃው ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓት ተናግራው አታውቅም።

በጠለፋ ሴራ ዘጠኝ ዓመት ፈረዱባት። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ታስራ በይቅርታ ተለቀቀች። ወረቀቱ «ጥፋቷ ታይቶ ይቅር ተብላለች» ይላል። ታላቅ ወንድሟ፣ አሁን ቤቱ ያስጠጋት፣ እንኳን በሕይወት ወጣሽ፣ እርግፍ አድርገሽ ተይው ሲላት አሥር ወር ሆነው። እሷ ግን መተው አልሆነላትም። ቅጽ በሞላች ቁጥር «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ላይ «አዎ» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው፦ የስልሳ ሦስቱ ሠራተኞች ክስ፣ ማስረጃውን ያሰባሰበችው በጠለፋ የተፈረደባት ሴት ናት ተብሎ ተዘግቷል። ፍርዱ ካልተሻረ ያ መዝገብ አይከፈትም።

እዚያ አገር ያለው ጠበቃዋ ሦስት የቋንቋ መምህራን አስጽፎ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ይህ አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ የተረጎመው ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ ነው ብሎ መለሰለት። ቃሉን ሊያፈርሰው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አስተርጓሚው ራሱ። ሰውየው ስልክ አያነሳም፣ ለደብዳቤ አይመልስም። የይግባኙ ቀነ ገደብ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ያደረገች እህቱን ሊጠይቅ አገር ቤት መግባቱን ጠበቃው ሰማ። ቤቱን ፈልጎ ያገኘው ቆይማ ነው። እህትየዋ የፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊ ሆና ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ እንደወጣች፣ አሁን ለጎረቤቱ ሁሉ ማመልከቻ እየጻፈች እንደምትውል የነገረው የሕንጻው ጥበቃ ነው።

ጠበቃው አዘጋጅቶ የላከው አንድ ገጽ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። «በስህተት ተርጉሜአለሁ፤ የቃሉን ሌላ ትርጉም እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም» ይላል። ጠበቃው አልደበቃትም፤ በዚህ ወረቀት የሚኖራት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው ብሏታል።

ቆይማ ሞተሩን ሳያጠፋ እታች ቀረ። እሷ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች።

በሩን የከፈተችላት በምርኩዝ የቆመች ቀጭን ሴት ናት። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ ያቺ ልጅ አይደለሽም? እዚያ አገር ያሰሩሽ?» ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ በአንድ እጇ አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። ጋዜጠኛዋ ደረጃውን ስትወጣ ያሰናዳቻቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ሦስቱም እዚያው በሩ ላይ ቀሩ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሴትዮዋ ከሕክምናዋ ወዲህ ብዙ እንዳትመላለስ አልጋዋን ወደዚህ አምጥተውላታል። መስኮቱ ሥር ኮምፒውተርና ማተሚያ ያለበት ጠረጴዛ፣ ሶፋው ላይ አፉን የከፈተ ሻንጣ፣ ወለሉ ላይ ሻንጣ የሚመዘንበት ሚዛን። አስተርጓሚው ሁለት የታጠፉ ሸሚዞች ይዞ ከጓዳ ወጣ፤ አያትና ባለበት ቆመ። ፀጉሩ ሸብቷል። ዘጠኝ ችሎት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጦ በጆሮዋ ሲያንሾካሹክ የነበረ ሰው ነው፤ የትንፋሹን ሽታ ሳይቀር ታውቀዋለች። ፊት ለፊት ግን እንዲህ አይታው አታውቅም ነበር።

«እንግዳሽ ናት?» አለ ለእህቱ።

«የማን እንግዳ ነው የምትለኝ ወንድምዓለም? አንተ ያለህበት አገር ያሰሯት ልጅ እኮ ናት። እግሯ ከቤቴ ገባ።»

«አዎ» አለ። «ሰምቻለሁ።»

ሸሚዞቹን ሻንጣው ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ መልሶ አወጣቸውና እንደገና አጠፋቸው።

ጋዜጠኛዋ ለብቻው ልታነጋግረው እንደምትፈልግ ለመናገር አፏን ስትከፍት እህትየዋ ቀደመቻት። ስለ ጉዳዩ ያላነበበችው ጋዜጣ አልነበረም። በአንዲት ቃል ነገር መበላሸቱን ታውቃለች፤ ቃሏንም፣ ገጹንም ጠቅሳ አወራች። ወንድሟን በስልክ ጠይቃው፣ ያ አስተርጓሚ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነው፣ አላውቀውም እንዳላት ሳይቀር ነገረቻት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቃል ጽፌአለሁ ልጄ። አንዲት ፊደል አልገደፍኩም። የሌባም ይሁን የገዳይ፣ እንዳለው ነው የምጽፈው። ያ ሰው እንዴት አድርጎ እንቅልፍ ይወስደዋል እያልኩ ስገረም ነው የከረምኩት። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እንጃ» አለ ወንድምየው።

ጋዜጠኛዋ ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። ሴትዮዋ ደግሞ ምርኩዟን ወንበሩ ላይ አስደግፋ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ስልኳን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«በል እስቲ፣ ከልጄ ጋር አንሳን።»

ስልኩን ተቀበለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ መስኮቱን አየ፣ ወደ ብርሃኑ ትንሽ ዞር በሉ አላቸው። ስልኩ ቀጭ አለ።

እጁ ስልኩን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። የሠራውን ያወቀው ከሠራው በኋላ ነው።

«እትዬ» አለች ጋዜጠኛዋ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «አሁን ወንድምዎን ምን ብለው አዘዙት?»

«አንሳን ነዋ ያልኩት።»

«ፎቶ የሚል ቃል ተናግረዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ስልክ ሰጥቼው…» ሴትዮዋ ንግግሯን አቋረጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ጥያቄና መልስ ስትጽፍ የኖረች ሰው ናት፤ ሦስተኛ ጥያቄ አላስፈለጋትም። መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው። «ወንድምዓለም፣ ያ ከሌላ ከተማ የመጣው ሰው ማነው?»

አስተርጓሚው ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ሻንጣው አጠገብ ቁጭ አለ። አልካደም። በዚያ ከተማ ለቋንቋቸው ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ እሱ ብቻ እንደነበረ፣ አርባ አንድ ገጽ በአንድ ቀን ተርጉም ብለው እንደሰጡት፣ ድምፁን ሳይሆን በባዕድ ፊደል የተገለበጠውን ጽሑፍ ብቻ እንዳሳዩት ተናገረ። መልእክቱ የተላከው ለማን ነው፣ ሥራውስ ምንድነው ብዬ ጠይቄ ነበር አለ፤ መርማሪው፣ አንተ ቃሉን ተርጉም፣ ምርመራው የእኛ ነው ብሎ አፌን አስያዘኝ አለ።

«ስህተት ነው» አለ ወደ ጋዜጠኛዋ ሳያይ። «ልታስፈርሚኝ ከሆነ የመጣሽው፣ እፈርማለሁ።»

ለዚህ ነበር የመጣችው። ወረቀቱን አውጥታ ሻንጣው ክዳን ላይ ዘረጋችለት፣ እስክሪብቶ ሰጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፈርሞ፣ ቢሮው ደርሰው፣ ማኅተም ተመትቶ፣ አንድ ሰዓት ይተርፋቸዋል።

ሰውየው ማንበብ ጀመረ። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ትታ እጁን ታይ ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ችሎቶች የሚናገረውን ቋንቋ ስላልቻለች እጁን ማንበብ ተምራለች። በቃሉ እርግጠኛ ሲሆን እጁ ይፈታል፤ የሚሸሸው ነገር ሲኖር አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ይቀብራል። አሁን «እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ የግራ አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ገባ። ዓይኑም ያንን መስመር ዘሎት ወደ ፊርማው ቦታ ወረደ።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለችው።

«ምኑን?»

«ፎቶ መሆኑን።»

«በኋላ ነው።»

«በኋላ መቼ?»

እህትየዋ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ «መልስላት» አለችው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አራተኛው ችሎት ላይ» አለ።

አራተኛውን ችሎት ጋዜጠኛዋ በቃሏ ታውቀዋለች። ጠበቃዋ አስተርጓሚውን ወደ ምስክር ሳጥን ያስጠራበት ቀን ነው። ይህ ቃል ሌላ ትርጉም አለው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው በዚያ አገር ቋንቋ መለሰ፤ ከዚያ ሥራው ነውና ወደ እሷ ዞሮ የገዛ ራሱን መልስ ተረጎመላት፦ «ሌላ ትርጉም የለውም ብያለሁ።» እሷም ተነስታ «ፎቶ እኮ ነው! ፎቶ!» ብላ ጮኸች። ዳኛው ቁጭ በይ አሏት። እስር ቤት ያን ዕለት ማታውኑ እያንዳንዱን ንግግር በተራ ጽፋዋለች፤ ከሁለት ዓመት በላይ የጠላችውም ያንን «የለውም» ነው። ሌሊት ስትገላበጥ፣ ጠዋት ለቆጠራ ስትሰለፍ፣ ያቺን ቃል ነበር የምታኝከው።

«የለውም ስል የማውቀው ነገር አልነበረም» አለ አስተርጓሚው። «ጽፌ ሰጥቻለሁ፣ የጻፍኩትን አስከበርኩ፣ ኩራት ነው ብትይኝ ኩራት ነው። ከዚያ አንቺ ጮህሽ። የጮህሽውን ለዳኛው የምተረጉመው እኔ ነኝ። ‹ፎቶ ነው ትላለች› ብዬ በዚያ ቋንቋ ስናገር ነው ከአፌ ላይ የገባኝ። ልክ ነበርሽ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው፣ አስተርጓሚው በሰጠው ቃል ላይ የሚጨምረው ነገር አለ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልክ?» አለች እህትየዋ።

«የለም አልኩ።»

ጋዜጠኛዋ ደብተሯን አልገለጠችም፤ መግለጥ አላስፈለጋትም። በጻፈችው ውስጥ ይህ ጥያቄም ይህ መልስም የለም። ዘጠኝ ችሎት ሙሉ ያልተረጎመላት አንድ ቃል ይህ ነበር። ያሰራት የመጀመሪያው «የለውም» ይመስላት ነበር እንጂ፣ በሩን የዘጋው ሁለተኛው «የለም» እንደነበር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የችሎቱ መዝገብ ላይ ግን ሰፍሮ መሆን አለበት። ዳኛ የጠየቀው፣ ምስክር የመለሰው ነገር ነው፤ የሚፈልገው የለም እንጂ ተጽፏል።

«ለምን?» አለችው።

ያለፉ መዝገቦች አሉኝ አለ። አሥራ አንድ ዓመት፣ አራት መቶ ያህል ጉዳይ። አንዷን ቃል ተሳስቻለሁ ካልኩ አራት መቶውን ሁሉ ሊከልሱብኝ ነው። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ፈቃዴ ከሄደ የመኖሪያ ወረቀቴ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዳኛው አፌን እያዩ ነው፣ ጊዜ አልነበረኝም አለ። ጊዜ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«በኋላ ያለውን ጊዜ እኔ ታስሬበታለሁ» አለችው።

አስተርጓሚው እስክሪብቶውን እንደገና አነሳ። «ይህንኑ ልፈርምልሽ። ስህተት ነው ይላል፤ ስህተትም ነበር። ለአንቺ ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ስህተት ነው ያለ ፈቃዱን ያጣል፤ ዐውቄ ዝም አልኩ ያለ ግን በሐሰት ምስክርነት እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል። ለእሷ ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ በግማሽ ነው፣ ሁለተኛው መዝገቡን በግድ ያስከፍታል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ። አሁን ያስፈረመችው እንደሆነ ግማሹ ዕድል በእጇ ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቀችው ሁለቱንም እምቢ ብሎ፣ ሻንጣውን ዘግቶ፣ ማታ አውሮፕላኑ ላይ ሊወጣ ይችላል። የምትጠይቀው ደግሞ ምን እንደሆነ ከዚህ ክፍል ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በብረት በሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ታውቀዋለች። የግድግዳውን ቀለም ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደተላጠ ታውቃለች።

እጇን ዘረጋችና ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችው።

«ውሸት ያለበት ወረቀት ተሸክሜ አሥር ወር ኖሬአለሁ» አለች። «በላዩ ሌላ አልደርብበትም። ያሉኝን እንዳሉት ከጻፉት ይጻፉ። ካልሆነ እኔ እሄዳለሁ፣ እርስዎም ሻንጣዎን ይጨርሱ።»

አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንዳደረገች ያወቀችው ያኔ ነው፤ አሁን ባዶ እጇን ናት።

እህትየዋ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አኖረች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው ጠበቀች። ወንድምየው የእህቱን ጀርባ አየ። ደቂቃው ሄደ፤ አንዴ ብቻ ሚዛኑ በእግሩ ተነክቶ ተንቋቋ።

በሩ ተንኳኳ። ገርበብ ብሎ ስለነበር ቆይማ ራሱን አስገባ፤ ደረጃውን ሮጦ ስለወጣ ያለከልካል፣ ካሜራው አንገቱ ላይ ነው።

«አለቃ፣ አሥር ሰዓት እኮ ሆነ። ይቅርታ፣ እንደምን ዋላችሁ።»

አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየው። ከፊቱ ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ፊቱ። «እርስዎ ማን ነዎት?» አለው።

ቆይማ አለቃውን በዓይኑ ጠየቃት፤ ምልክት ሲያጣ እውነቱን ተናገረ።

«እኔ ነኝ አንሳው የተባልኩት።»

አስተርጓሚው መርማሪውን ጠይቆ ያልተነገረው ሰው ይኸው ነው፤ ላብ ያጠመቀው፣ የካሜራ ማንገቻው ያለቀ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ አንድ ሠራተኛ። መልእክቱን ለመተርጎም የጎደለው ነገር ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጻፊ» አለ ለእህቱ።

ሴትዮዋ ጻፈች። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ አንዱንም ቃል አላስዋበችለትም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆመች።

«‹ፈርቼ› ነው ያልከው ‹ሰግቼ›?»

«ፈርቼ።»

«‹ዐውቄ›ስ? ይግባ?»

አስተርጓሚው አውራ ጣቱን ከመዳፉ አወጣ። «ይግባ» አለ። «በአራተኛው ችሎት፣ ትርጉሙ ሌላ መሆኑን ዐውቄ፣ ዳኛው ሲጠይቁኝ የለም ብያለሁ። እንዲያ ብለሽ ጻፊ።»

ማተሚያው ሁለት ቅጂ አወጣ። እህትየዋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ አንድ ነጥብ በእስክሪብቶ አስተካከለች፣ ለወንድሟ ሰጠችው። ሲወጡ በሩ ድረስ አልሸኘቻቸውም። ለጋዜጠኛዋ «በሩን ሳቢው» አለቻት፤ ልጄ አላላቻትም።

ቆይማ የነዳውን አነዳድ ለማንም ባይናገሩት ይሻላል። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ቢሮው ደረሱ። ከፊታቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ሰው ፎቶ ኮፒ ጎድሎት ሲከራከር አምስት ደቂቃ በላባቸው፤ ጋዜጠኛዋ በልቧ ስትቆጥር ቆየች። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ጽሑፉን ጮክ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።

«ይህን ቃል በፈቃድዎ ነው የሰጡት?»

«በፈቃዴ ነው።»

«የሚፈርሙበት ምን እንደሚያስከትል ተረድተውታል?»

«ሥራዬ መረዳት ነው» አለ። ሠራተኛዋ ቀልድ ይሁን አይሁን ስላልገባት ፈገግ አላለችም። ፈረመ። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመታ።

ቆይማ ገጾቹን ኮሪደሩ ላይ በስልኩ አንስቶ ለጠበቃው ላከ። ጠበቃው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለ። የችሎቱን መዝገብ ገልጦ አግኝቶታል፦ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ጥያቄውም መልሱም እንዳለ። ይህ ካለ መዝገቡን አንከፍትም ሊሉ አይችሉም አላት፤ እሱን ተከትሎ የሠራተኞቹም ይነቃል። ነገር ግን ሰውየው ቀርቦ በአፉ ካላጸናው ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። ይመጣል ወይ? አለ።

ጋዜጠኛዋ ስልኩን እንደያዘች ወደ አግዳሚው አየች። አስተርጓሚው ኮቱን ጭኑ ላይ አጥፎ ተቀምጧል። ጥያቄውን ሳትደግምለት ሰምቶታል።

«ሻንጣዬ ታስሯል» አለ። «ነገ ከሰዓት ጠበቃሽ ቢሮ እገኛለሁ በይው።»

ነገረችውና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቢሮው በሮቹን መዝጋት ጀምሯል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን እየገፋች እግራችሁን አንሱ ብላቸው አለፈች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ አስተርጓሚው። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «ሲያስገቡ… ሰው ምን ይዞ ቢገባ ነው የሚሻለው?»

የጥፋተኛ ጥያቄ አልነበረም፤ ይቅርታም አልጠየቀበትም። መንገድ የሚያውቅ ሰው እንደሚጠየቅ ነበር የጠየቃት። ልታዝንለት አልፈለገችም፤ ልትደሰትበትም ፈልጋ ደስታው አልመጣላትም። ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች። የምታውቀውን ሁሉ፣ እንደ ልማዷ ሳትዘል ጻፈችው፦ ከነፋስ መግቢያው ሥር ያለውን አልጋ እንዳይቀበል፣ የመድኃኒት ማዘዣውን በዚያ አገር ቋንቋ አስጽፎ እንዲይዝ፣ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በቃሉ እንዲያጠና፣ ስልኩን የሚወስዱት መጀመሪያ ነውና። ገጹን ቀድዳ ሰጠችው።

ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዞረ።

«ይህ ምንድነው የሚለው? እጅ ጽሑፍሽ አስቸገረኝ።»

«ካልሲ» አለችው። «ወፍራም ካልሲ፣ አራት ጥንድ።»

«አራት ምን ያደርግልኛል?»

«አንደኛውን ይሰርቁዎታል» አለችና ደብተሯን ዘጋችው።